አፄ ቴዎድሮስና የበጌምድር ገበሬ

ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው ጋፋት ሲነሣ የሁሉም ሰው ሐሳብ ወደ መድፍ ይሄዳል። ልጆች በትምህርት ቤት የሚማሩት ሴባስቶፖል በዚያ መሠራቱን፣ አፄ ቴዎድሮስም በመቅደላ ሽጉጣቸውን ጠጥተው መሞታቸውን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከገበሬው ጋር የነበራቸው ጉዳይ ግን እምብዛም አይነገርም። ነገሩን በጥሞና ለተመለከተ ሰው የቴዎድሮስን መንግሥት ያቆመው የገበሬው ጎተራ ነበር፤ የጣለውም ያው ጎተራ ባዶ መሆኑ ነው። በዚህ የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ታሪካቸው ከጦር ሜዳው ይልቅ በማሳው በኩል የሚቀርበውም ለዚህ ነው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ገና በልጅነቱ ስለሞቱ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ በችግር እንዳሳደጉት ይነገራል። ኋላ ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ የሰደቡት ይህንኑ ችግር ይዘው ነው። ለትምህርት ገዳም ገባ፤ ገዳሙ በሽፍቶች ሲጠፋ ከሞት ተርፎ ወደ ዘመዱ ወደ ደጃዝማች ክንፉ ቤት ሄደ። በዚያም ጦርነትንና አስተዳደርን ተማረ። ደጃዝማች ክንፉ ሲሞቱ አገሩ ለራስ አሊ እናት ለእቴጌ መነን ስለተሰጠ ካሣ ጫካ ገባ፤ ሸፈተ።

ሽፍታ በዚያ ዘመን ብዙ ነበር። ካሣን ከሌሎቹ የለየው አንድ ነገር ነው። የዘመኑ ጸሐፊዎች እንዳቆዩት፣ ከዘረፋ ያገኘውን ገንዘብ ለቋራ ገበሬዎች የእርሻ መሣሪያ መግዣ እንዲሆን አከፋፈለ። ቋራ ቆላ ነው፤ ጫካው ጥቅጥቅ ያለ፣ መሬቱ ለም ቢሆንም ከቁጥቋጦው ነፃ ሳይወጣ የማይዘራበት አገር ነው። እንዲህ ላለ መሬት ዶማ የሌለው ገበሬ እጁ እንደታሰረ ይቆጠራል። በዛሬ አነጋገር ይህ የግብዓት አቅርቦት ነው፤ ልዩነቱ ብድሩን የሚያስመልስ አለመኖሩና የገንዘቡ ምንጭ የነጋዴ ጭነት መሆኑ ነው። ካሣ ደግ ስለነበረ ብቻ አላደረገውም። የሚያበላው ሠራዊት ነበረው፤ ሠራዊት የሚበላው ደግሞ ገበሬ ሲያርስ ነው። ይህን በሃያዎቹ ዕድሜው የገባው ሰው በሃምሳ ዓመቱ ግድም እንዴት እንደዘነጋው የሚያሳየው ቀሪው ሕይወቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ የታወቀ ስለሆነ በአጭሩ ይታለፋል። እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ አሊ በኃይል ስላልቻሉት በጋብቻ ሊይዙት አስበው የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ጋብቻው ለካሣ ታማኝ የሕይወት ጓደኛ ሰጠው እንጂ ዕርቁን አላቆየውም። በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ በአይሻል ራስ አሊን ድል ነሣ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ካሸነፈ በኋላ በዚሁ ወር በ5ኛው ቀን በደረስጌ ማርያም ዘውድ ጭኖ ቴዎድሮስ ተባለ።

አፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ጊዜ የበጌምድር ገበሬ ኑሮ ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። የየጁው ራስ ጉግሣ የቆረቆሯት ደብረ ታቦር ለብዙ ዓመታት የመሳፍንቱ መናገሻ ነበረች። መናገሻ መሆን ለነጋዴ ሲሳይ ቢሆንም ለዙሪያው ባላገር ግን መከራ ነበር። ወታደሩ ደመወዝ የለውም። ክረምቱን በየገበሬው ቤት ተመርቶ ይቀመጣል፤ እህሉን፣ ማሩን፣ በጉን ይበላል፤ በጋ ሲሆን ወደ ዘመቻ ሲሄድ የመንገዱን አገር ይዘርፋል። በዚህ ምክንያት ገበሬው አስፍቶ መዝራት አደጋ መሆኑን ተማረ። ብዙ ያመረተ ብዙ እንግዳ ይመራበታል። ስለዚህ ለዓመት ቀለቡና ለዘሩ የሚበቃውን ያህል ያርሳል፤ የተረፈችውንም በጉድጓድ ይቀብራል። በድህነት የተነቀፈው ገበሬ በእርግጥ ሒሳብ አዋቂ ነበር ማለት ነው።

አዲሱ ንጉሠ ነገሥት መጀመሪያ የነኩት ይህንን ነው። ነጋዴው ወደ ንግዱ፣ ገበሬው ወደ እርሻው፣ እያንዳንዱ ወደ አባቱ ሥራ እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ። በዘመኑ በአገሪቱ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን ለመንግሥቱ በላከው ዘገባ ንጉሡ ወታደሩ በገበሬ ቤት መመራቱን ትቶ ደመወዝ እንዲቆረጥለት መጀመራቸውን ጽፏል። የአሥር አለቃ፣ የሃምሳ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ የሺህ አለቃ የሚባለው ማዕረግ የተደራጀውም በዚሁ ዘመን ነው። ወታደር በአለቃው ከታወቀ፣ ደመወዙም ከታወቀ፣ ማን ከየትኛው ቤት በግ እንደወሰደ መጠየቅ ይቻላል ተብሎ ታሰበ። አዋጁን ሰምተው የአባታችን ሥራ ዝርፊያ ነውና ይጽናልን ብለው ስለመጡ ሽፍቶችም ይተረካል። ንጉሡ በሬና ማረሻ ልስጣችሁ፣ እረሱ ቢሏቸው እምቢ አሉ፤ ኋላ ፈረሰኛ ተልኮ አጠፋቸው ይባላል። ትረካው እውነት ይሁን ተረት፣ ሕዝቡ ንጉሡን እንዴት ያውቃቸው እንደነበር ያሳያል፤ አንድ እጃቸው በሬ ይሰጣል፣ ሌላው ሰይፍ ይመዛል።

ደመወዝ ለመክፈል ግን ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘብ ከግብር ይመጣል፤ ግብር ደግሞ ከመሬት። መሬቱን ሲመለከቱት ከፍተኛው ክፍል ግብር በማይከፍል እጅ ነበር። በጌምድር የደብርና የገዳም አገር ነው። ለካህናቱ አገልግሎት ተብሎ የተያዘው የሰሞን መሬት፣ ለአድባራት የተሰጠው ጉልት ተደምሮ ሰፊ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ጉዳዩን ለካህናቱ አነሡ፤ ተቃውሞ ሲገጥማቸው ለጊዜው ተዉት። በ1852 ዓ.ም. ግን ወሰኑ። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፤ ለእነርሱ የሚሆን መሬት ይቅርና የተረፈው ግብር ለሚከፍል ገበሬ ይሰጥ የሚል ነበር ውሳኔው።

ይህ በኢትዮጵያ ታሪክ መሬትን ከያዘው ወስዶ ለሚያርሰው ለመስጠት ከተሞከሩት ቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ለምን እንዳልያዘ ማየት ለዛሬ አንባቢም ይጠቅማል። አንደኛ፣ መሬቱን የሚለካ፣ ባለይዞታውን የሚመዘግብ፣ ድንበሩን የሚያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ አልነበረም። ውሳኔውን የሚያስፈጽመው ያው ወታደር ነው። ወታደር ሲለካ ደግሞ ገመዱ ወደ ራሱ ይረዝማል። ሌላው ከዚህ የባሰ ነበር። በበጌምድር ቄሱም ደብተራውም ከገበሬው የተለየ ሰው አልነበረም። ጠዋት ቀድሶ ከሰዓት በኋላ ሞፈር ይጨብጣል፤ የሰሞን መሬት ያለው ሰው በየጎጡ ወንድም፣ አማች፣ የክርስትና ልጅ አለው። ከካህን ተወሰደ የተባለው መሬት ብዙ ጊዜ ከገበሬ ቤተ ዘመድ የተወሰደ ሆኖ ተገኘ። መሬቱን የሚቀበለው ገበሬም ግዝት ፈራ። ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ከንጉሡ ጋር ተጣልተው ቆይተው በ1856 ዓ.ም. መቅደላ ታሰሩ፤ ከእስር ሳይወጡም በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ሞቱ። ከዚያ ወዲያ የንጉሡ ስም በየአውደ ምሕረቱ በክፉ መነሣት ጀመረ።

ገበሬውን ሳይጠይቁ ለገበሬው መልካም መሥራት ይቻላል የሚለው ሐሳብ ከቴዎድሮስ ጋር አልሞተም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ጭሰኛው እልል አለ። ርስት በነበረበት በጎንደር ግን ብዙው ሰው በጥርጣሬ ነው ያየው፤ መሬቱን ከአያቱ የወረሰ ሰው መሬት ተሰጠህ ሲባል ግራ ይገባዋል። እንደ ቴዎድሮስ ዘመን ሳይሆን ግን ይህኛው አዋጅ መዝገብ የሚይዝ ገበሬ ማኅበር ስለነበረው ተተከለ። በደርግ ዘመን የአፄ ቴዎድሮስ ስም ከነገሥታት ሁሉ ከፍ ብሎ ይነሣ የነበረ መሆኑም ይታወሳል። ስማቸውን ያነሡት ሰዎች የበጌምድርን የመጨረሻ ዓመታት ታሪክ ልብ ብለው ያነበቡ አይመስልም።

ወደ ንጉሡ እንመለስ። ከ1853 ዓ.ም. ወዲህ በትግራይ፣ በጎጃም፣ በሸዋ፣ በላስታና በወሎ ዓመፅ እየተከታተለ ተነሣ። አንድ አገር ባመፀ ቁጥር ግብሩ ይቀራል፤ ወታደሩ ግን አይቀንስም፤ ዓመፁን ለማጥፋት እንዲያውም ይበዛል። የቴዎድሮስ ሠራዊት በደኅናው ጊዜ ከ60 ሺህ በላይ ይገመት ነበር። ይህን ሁሉ ሰው የሚያበላ አገር እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ ታማኝ ሆኖ የቀረው በጌምድር ብቻ ሆነ። ደመወዙ ቆመ። ወታደሩ ወደ ገበሬው ቤት ተመለሰ።

በዚህ መካከል ጋፋት ሥራ ላይ ነበር። ከአውሮፓ የመጡት የእጅ ባለሙያዎች ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ሲሆኑ ንጉሡ ጠመንጃና መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ብረት ማቅለጫ ተሠራ፤ የአገሬው ልጆችም ሙያውን ተማሩ። መንገድም ተጠረገ፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ተሸክመው ሲሠሩ ያዩ ሰዎች ጽፈዋል። የሚያስቆጨው ይህ ሁሉ እሳትና ወናፍ ለማረሻ አለመዋሉ ነው። ጋፋት በመድፍ እንጂ በእርሻ መሣሪያ አይታወስም። ለእርሻ የሚሆን አንድ ትልቅ ነገር በዚያው ዘመን የገባው ማንም ሳያስብበት ነበር። ሺምፐር የሚባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ግድም ድንችን ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባ ይታወቃል። ይህ ሰው ኋላ አፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ከተያዙት አውሮፓውያን መካከል ነበር። የጉና ዙሪያ ገበሬ ዛሬ በክረምት መውጫ ልጆቹን የሚያበላው ያን ድንች ነው፤ በወቅቱ ግን ከመድፉ ጋር ሲነጻጸር ዞር ብሎ ያየው አልነበረም።

ከ1857 እስከ 1859 ዓ.ም. ድረስ የሆነው ነገር ለመጻፍ ይከብዳል። ደምቢያ ተዘረፈ። ጎንደር በ1859 ዓ.ም. ተቃጠለች፤ አብያተ ክርስቲያናቷ ተዘረፉ። በ1858 ዓ.ም. ክረምት በጣና ዳር በሠፈረው ጦር ላይ ኮሌራ ገብቶ ሰው ስላለቀ ሠፈሩ ወደ ደብረ ታቦርና ጋፋት ተነሣ፤ ሸክሙም አብሮ መጣ። የበጌምድር ገበሬ መጀመሪያ እህሉን ሰጠ። ቀጥሎ ከብቱን ተነጠቀ። እህል የተወሰደበት ገበሬ በሚቀጥለው መኸር ይተካዋል፤ የእርሻ በሬው የታረደበት ግን የሚቀጥለው መኸር አይኖረውም። ሠራዊቱ በሬውን መብላት የጀመረ ቀን የራሱን የከርሞ ቀለብ በላ። ይህን ለማወቅ የግብርና ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም፤ ካሣ በቋራ ያውቀው ነበር። የባሰው ደግሞ ዘርፎ ሲመለስ ቤቱንም ማቃጠሉ ነው። ታማኝ የነበረው ገበሬ ወደ ተራራ ሸሸ፤ እህል ፍለጋ የተላከውን ወታደር በየገደሉ እየጠበቀ መግደል ጀመረ። ወታደሩም በሌሊት ከዳ። በ1859 ዓ.ም. መጨረሻ ሠራዊቱ ወደ 10 ሺህ ግድም ወርዶ ነበር ይባላል።

በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በገመድ እየጎተቱ፣ በጋይንት አድርገው፣ በጨጨሆ፣ በጅዳ ገደል፣ በበሽሎ ሸለቆ መንገድ እየቆረጡ ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ተጓዙ። መንገዱን የሠሩት ሰዎች ጀግንነት አይካድም። ሲያልፉ ያለው ገበሬ ግን ጎተራውን ዘግቶ ገደል ገብቶ ጠበቃቸው።

በዚያው ጊዜ የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር አዛዥነት ከዙላ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ይመጣ ነበር። ወደ 13 ሺህ ወታደር ነበረው። ባዕድ ጦር ሆኖ ሳለ በተራራው አገር ያን ያህል መንገድ ሲያልፍ ያልተራበው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ ጠገራ ብር ይዞ መጥቶ ገብሱንና ሣሩን ይገዛ ነበር። የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫም ስንቅ እንዲያገኝ ረድተውታል። የደላንታና የዋድላ ገበሬ ለገዛ ንጉሡ የደበቀውን እህል ለባዕድ ሸጠ። ይህን እንደ ክህደት የሚቆጥሩት አሉ። የሁለት ዓመት ምርቱን ያለዋጋ የተነጠቀ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ ሲጠራለት ምን ማድረግ ነበረበት የሚለውን ጥያቄ ግን ሳይመልሱ ማለፍ አይገባም። መልሱ ለሚቸግረው፣ ዕድሜው ከሃምሳ በላይ የሆነን የማኅበር አባል ስለ ኮታ ዘመን መጠየቅ ይበቃል።

በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በየገበሬ ማኅበሩ የኮታ እህል ይሰበስብ ነበር። ዋጋው የተወሰነ፣ ከገበያው በጣም ያነሰ ነው። ምርቱ የጎደለበት ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረክባል። በ1971 ዓ.ም. መመሪያ የተጀመሩት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ በሚባል ደረጃ መሬትና በሬ አንድ ላይ እያደረጉ፣ ገቢውን በሥራ ነጥብ እያካፈሉ እንዲያድጉ ታቅዶ ነበር። ማዳበሪያም፣ ብድርም፣ ጥሩው ማሳም ለእነርሱ ቅድሚያ ይሰጥ ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ አውጆ መውጣት ይቻላል ሲል ግን አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ፤ መሬቱና በሬው ተከፋፈለ። ማኅበር የሚለው ቃል ራሱ በገበሬው ጆሮ ለብዙ ጊዜ ጎመዘዘ። ዛሬ ያሉት ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ሲቋቋሙ በፈቃደኝነት መግባትና መውጣት በመጀመሪያ የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚያ ዘመን የቀረ ደኅና ነገር ቢኖር የፎገራ ሩዝ ነው። በጅግናና በሻጋ በነበሩት የአምራቾች ማኅበራት ማሳ ላይ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ባሉበት ተሞከረ። ማኅበራቱ ሲፈርሱ ሩዙ አልፈረሰም። ውኃ የሚተኛበት መሬት ያለው ገበሬ ዘሩን ወስዶ በራሱ ማሳ ሞከረው፤ ሆነለት፤ ጎረቤቱም ተከተለው። ዛሬ የፎገራ ሜዳ የሚታወቀው በዚያ ሩዝ ነው። ማንም በኮታ አላዘዘውም።

አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ሲደርሱ በአካባቢያቸው የቀረው ሠራዊት ጥቂት ሺህ ነበር። በእሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቀ። ሴባስቶፖል ያ ሁሉ ላብ ፈሶበት ለጦርነቱ አልረዳም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግሥት፣ ንጉሠ ነገሥቱ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ልጃቸው ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በዚያው አረፈ።

ሬሳቸው መጀመሪያ በመቅደላ መድኃኔዓለም ተቀበረ። መድፉ እስከ ዛሬ እዚያው ተራራ ላይ አለ። አጽማቸው ግን ኋላ ወደ ቋራ፣ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም ተወሰደ፤ በሽፍትነት ዘመናቸው ለገበሬው ዶማ መግዣ ወደ ሰጡበት አገር።